አባቴን ወደ ባሕር የወሰድኩበት እሁድ

አባቴ ከወገቡ በታች በድን የሆነው እኔ ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ወር ነው። አብረውት ባሕር የሚጠልቁት ወንዶች አራት ሆነው ከጀልባ ሲያወርዱት እግሮቹ እንደ ረጠበ ገመድ ተንጠልጥለው ይወዛወዙ ነበር። እኔ ሳቅሁ። አባቴ ኢሲሌሊ ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ሰካራም መስሎ እየተንገዳገደ ሲያስቀን ስለኖረ፣ ይሄም አዲስ ጨዋታ መሰለኝ። እናቴ ግን የያዘችውን የኮኮናት ቅርጫት ለቀቀችው፤ ፍሬዎቹ ቁልቁለቱን ይዘው እስከ ባሕሩ ተንከባለሉ።

«ባሕሩ ወገቡን ያዘው» አሉ ትልልቆቹ።

ዛሬ ነገሩን አውቀዋለሁ። በዚያ ዓመት ከሩቅ አገር የመጡ ነጋዴዎች ከባሕር ወለል የሚለቀም ወፍራም ትል መሳይ ፍጥረት ፈልገው በእኛ በሐአፓይ ደሴቶች ሁሉ ተሰማርተው ነበር። የእኛ ወንዶች ምንም ሳይማሩ የአየር ሲሊንደር ጀርባቸው ላይ አስረው በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እስከ ጥልቁ ይወርዱና ቶሎ ይወጡ ነበር። እንዲህ ቶሎ ሲወጡ አየሩ በደማቸው ውስጥ አረፋ ሆኖ ይቀራል፤ አባቴንም የጣለው ይኸው ነው። ያኔ ይህን የነገረኝ የለም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ባሕሩ ከአባቴ ወገብ አንድ ነገር ወስዷል፤ የወሰደውን ደግሞ ሊመልስ ይችላል።

ሁለት ወር በዋናው ደሴት ሆስፒታል ተኝቶ ሲመለስ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ መጣ። ጎማዎቹ ያብረቀርቁ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሊነኩት ተሻሙ፤ እኔም አንድ ቀን ሙሉ ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ወንበሩን ከቤት ኋላ ወዳለው ማብሰያ ጎጆ ወስዳ ቆለፈችበት።

«ፋታይ» ይላታል አባቴ በየጠዋቱ፣ «ወንበሩን አምጪልኝና ባሕሩን ልየው።»

«ነገ» ትለዋለች።

«ትናንትም ነገ ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ። ዛሬም ነገ ነው የምልህ።»

ምላጩንም ወሰደችበት፤ ጺሙን ራሷ ትላጨው ጀመር። የዓሣ ቢላዋውን፣ የመንጠቆ ገመዱን፣ ከሆስፒታል የመጣውን የክኒን ጠርሙስ ሳይቀር ከአጠገቡ አራቀች። በየሁለት ሰዓቱ እየመጣች ሰውነቱን ከጎን ወደ ጎን ታገላብጠዋለች። እሱ ግን «ተዪኝ፣ ልተኛበት» ይላታል፤ አትተወውም። የሚወደውን ሁሉ የነፈገችው መሰለኝ። እናቴን መፍራት የጀመርኩት ያኔ ነው።

በእኛ ዘንድ የአባት ታላቅ እህት ቃሏ አይታጠፍም። አክስቴ ሎሴሊ ወደ ቤታችን ስትመጣ እናቴ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ ትቆማለች፤ አባቴ እንኳን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አክስቴ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዬም ነበረች፤ ሰፊ ትከሻ፣ ወፍራም ድምፅ፣ በእኛ ወግ ለክብር በወገቧ የምትታጠቀው የተሸመነ ምንጣፍ ሁልጊዜ ንጹሕ። አንድ ከሰዓት አባቴ አልጋ ግርጌ ቆማ እናቴን እንዲህ ስትላት ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

«ሦስት ቀን ጾምን። መጋቢው መጥቶ እጁን ጫነበት። እግዚአብሔር መቼም አይሳሳትም። እንግዲህ የጎደለው ከሰው ነው ማለት ነው።»

እናቴ የአባቴን አንሶላ አስተካከለች።

«አንቺን ነው የማናግረው፣ ፋታይ። ስትጸልዪ ምንድን ነው የምትለምኚው?»

«ዛሬን እንዲያድርልኝ ነው የምለምነው፣ እትዬ።»

«ዛሬን እንዲያድር? በቃ?»

«በቃ። ለእኔ እሱ በቂዬ ነው።»

አክስቴ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ወጣች። እኔም ከበሩ ኋላ በንዴት ተቃጠልኩ። ሌላው ሁሉ ተነስቶ እንዲሄድ ሲጸልይ፣ እናቴ የምትለምነው እንዲያድር ብቻ! ትንሽ ነገር ስለምትለምን ትንሽ ነገር እየተሰጠን ነው ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ሳምንት በሰንበት ትምህርት አክስቴ የመጠመቂያይቱን ታሪክ ነገረችን። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛ በሽተኛ፣ መልአክ ወርዶ የሚያናውጠው ውኃ፣ ቀድሞ የገባ ሁሉ የሚድንበት። ሰውየው ግን ወደ ውኃው የሚያስገባው ሰው አልነበረውም።

«ለምንድን ነው ማንም ያላስገባው?» አልኳት።

«ሰው ስለጨከነ ነዋ፣ ሄይላላ» አለችኝ። ቀጥሎ ጌታ ራሱ መጥቶ ውኃ ሳያስፈልገው እንደፈወሰው ተናገረች፤ እኔ ግን ያንን አልሰማሁም። ልቤ ከቤታችን በታች ካለው ውኃ ዳር ሄዷል። አባቴ በየጠዋቱ ወደ ባሕር ውሰዱኝ ይላል። የሚያስገባው ሰው የለውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው እሁድ አባቴ በደስታ ነቃ። የዳቦ ፍሬ የምንለውን የዛፍ ፍሬ ተቀቅሎ ሲቀርብለት ጠርጎ በላ። እናቴን ጺሜን ላጪኝ አላት፤ እየተላጨም በደህና ዘመኑ ከመዘምራኑ ጋር ይዘምረው የነበረውን ዜማ አንጎራጎረ። እኔን ጠርቶ ጸጉሬን ዳበሰኝ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ መዳን የጀመረ መሰለኝ። እናቴ ምላጩን እያጠበች ደጋግማ ታየው ነበር። ደስ ያላት አትመስልም።

ዘወትር እሁድ ጎረቤታችን ሽማግሌው ቪሊያሚ አባቴ ዘንድ ይቀመጥ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ትኩሳት ይዞት ቀረ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለች። አክስቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ሰማቻት።

«መዘምራኑን የምትመሪው አንቺ ነሽ። ያላንቺ ማን ይጀምር?»

«እትዬ፣ የዛሬን ይተዉኝ። ዛሬ ልቤ...»

«ልብሽ ምን ሆነ? እግዚአብሔር ለአንድ ሰዓት ሊጠብቀው አይችልም? ልጅቷ አለች አይደል?»

«እኔ እቀመጣለሁ» አልኩ ፈጥኜ።

እናቴ አባቴን አየችው። እሱም ፈገግ ብሎ «ሂጂ እንጂ፤ ድምፅሽን ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ» አላት። ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችውና ሄደች። በመንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ዞር ስትል አየኋት።

ደወሉ ዝም ሲል አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ሄይላላ፣ የጎጆው ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ?»

አውቅ ነበር። በእናቴ የስፌት ሣጥን ውስጥ፣ ከክሮቹ ሥር ነው። እየሮጥኩ አመጣሁት። ወንበሩን እስከ አልጋው ገፋሁት፤ እሱም በእጆቹ ተንጠልጥሎ ላቡ እየወረደ ገባበት። ጎማውን እሱ እያሽከረከረ እኔ ከኋላ እየገፋሁ ወረድን። እሁድ ስለሆነ መንገዱ ላይ ከአሳማዎች በቀር ማንም የለም። ከየጓሮው ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ የሚበስለው ምሳ ሽታ፣ የቅጠልና የኮኮናት ወተት ሽታ አየሩን ሞልቶት ነበር። በእሁድ ባሕር መግባት በእኛ ደሴት ኃጢአት ነው፤ ያንን አውቃለሁ። ግን ጌታም በሰንበት ነበር የፈወሰው። ይህን አስቤ ተጽናናሁ።

ጀልባ ወደሚወርድበት የሲሚንቶ ቁልቁለት ስንደርስ ወንበሩ በራሱ ውኃው ውስጥ ገባ። ውኃው አባቴ ደረት ድረስ መጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። ከላይ ከቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑ ድምፅ ይሰማል፤ ከሁሉ በላይ የእናቴ ድምፅ።

«አሁን ሂጂና ፎጣ አምጪልኝ» አለኝ። «ቀስ ብለሽ ሂጂ። አትሩጪ።»

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«ስትነሳ ማየት አለብኝ።»

ዞሮ አየኝ። «ስነሳ?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ መልአኩን፣ ውኃውን፣ የሚያስገባው ያጣውን ሰው። «እማዬ ስለማታምን ነው ያላመጣችህ። እኔ ግን አምናለሁ» አልኩት። አባቴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ፊቱ ላይ የሚወርደው የባሕር ውኃ መሰለኝ።

ቆይቶ በቀጭን ድምፅ «እንግዲያው ዓይንሽን ጨፍነሽ ጸልዪልኝ» አለኝ። «እስከ መቶ ቁጠሪ። ከመቶ በፊት እንዳትገልጪ።»

ጨፈንኩ። ሠላሳ ሁለት ላይ ደርሼ አላስችል አለኝና ገለጥኩ። ወንበሩ ባዶ ነበር። የአባቴ ጭንቅላት ራቅ ብሎ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ውኃው ኮራል በሚባለው የባሕር ውስጥ ድንጋይ መሐል አልፎ ወደ ጥልቁ በሚፈስበት ቦይ ውስጥ ይታየኛል። እየሄደ ነው! በውኃው ውስጥ እየተራመደ ነው! በደስታ ጮህኩ፤ «አባዬ፣ ቆየኝ!» ብዬ ነጭ የእሁድ ቀሚሴን እንደለበስኩ ዘልዬ ገባሁ።

ዋና አውቅ ነበር። ቦዩን ግን አላውቀውም። ልብሴ እግሬ ላይ ተጠመጠመ፤ ውኃው እንደ ሰው እጅ ጎተተኝ። አንዴ ሰጠምኩ፣ ወጣሁ፣ እንደገና ሰጠምኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ክንድ ነው፤ ደረቴ ላይ የተጠመጠመ የአባቴ ክንድ፣ ጆሮዬ ሥር ትንፋሹ። በጀርባው ተኝቶ በአንድ እጁ እየቀዘፈ ጀልባ ወደሚታሰርበት ምሰሶ ጎተተኝና እሱን አቅፎ ያዘ።

«ምን አደረግኩ!» ይል ነበር። «ምን አደረግኩ! ምን አደረግኩ!»

በጆሮዬ ውስጥ ውኃ ስለነበረ «ምን አደረግሽ!» የሚለኝ መሰለኝ። ለብዙ ዓመት እንደዚያ አድርጌ ነው ያስታወስኩት።

እናቴ እየሮጠች መጣች። ሁለተኛው መዝሙር ሳያልቅ መዘምራኑን ጥላ ነው የወጣችው። ጫማዋን የት እንደጣለችው አላውቅም። ወገቧ ላይ ከታጠቀችው ምንጣፍ ጋር እስከ አንገቷ ውኃው ውስጥ ገብታ መጀመሪያ እኔን ነጥቃ ወሰደችና ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

«ተዪኝ» አላት።

«እጅህን ስጠኝ።»

«ፋታይ፣ ተዪኝ አልኩሽ።»

«እጅህን ስጠኝ። ልጅቷ እያየችን ነው።»

እጁን ሰጣት። «ማሪኝ» ሲላት ሰማሁ። ሰንበትን ስለሻረ ይቅርታ የሚጠይቃት መሰለኝ።

ጉባኤው ተከትሏት ወርዶ ነበር። አክስቴ ከፊት። መጋቢው ከነልብሰ ተክህኖው፣ ወንዶቹ አባቴን ሊያወጡ እየገቡ፣ ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው።

«በጌታ ቀን!» አለች አክስቴ። «ሽባውን ወንድሜን! ቁልፉ ከማን እጅ ነው?»

«ከእኔ» አለች እናቴ። ከልብሷ ውኃ ይንጠባጠባል። «ወንበሩን ሳልቆልፍበት ረስቼ ሄድኩ። ገላውን ሊታጠብ ፈልጎ ነው የወረደው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ውሸት ነበር። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ጨመቀችኝ፤ አጥንቴ እስኪያመኝ። ይሄኔ ሁሉ ነገር የገባኝ መሰለኝ። ተአምሩን እየደበቀችው ነው! አባቴ ሲዋኝ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሷ ግን መዳኑን ሰው እንዲያውቅ አትፈልግም።

«ድኗል!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬ ዋኝቷል! አይቼዋለሁ!»

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። ወንዶቹ ተሸክመውት ነበር፤ እግሮቹ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ተሰብስበው እናቴን ከመዘምራን መሪነት አወረዷት። አንድ ዓመት ከጌታ ማዕድ ተከለከለች። ባሏን የዘነጋች፣ ሰንበትን ያስሻረች ተባለ። አንድም ቃል አልመለሰችም። እሁድ እሁድ በሩ አጠገብ ባለው የመጨረሻው ወንበር ትቀመጥ ነበር፤ ዓመቱ አልቆ ተመለሺ ሲሏትም «እዚሁ ይሻለኛል» አለች። ከዚያ ሆና አባቴን የምታገላብጥበት ሰዓት ሲደርስ ማንንም ሳትረብሽ ሹልክ ብላ ትወጣ ነበር።

እኔም እንደ ሌላው ፈረድኩባት። ከፈጣሪ የተላከው ተአምር በእሷ ውሸት የተሰበረ መሰለኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ አንድ ጊዜ ተጣልተን «አባዬን ያሽመደመድሽው አንቺ ነሽ!» ብያታለሁ። እጇ ላይ የነበረውን ሳህን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «ምሳሽን ብዪ» አለችኝ።

አባቴ ግን ከዚያ እሁድ በኋላ ባሕር ውሰዱኝ ብሎ አያውቅም። ወሩን ሙሉ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። አንድ ቀን እናቴ ከመዘምራኑ ሦስት ጎረምሶችን አምጥታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠችና «ዜማውን አበላሽተውታል፤ አስተምራቸው» አለችው። ተቆጣ። ውጡልኝ አለ። በማግስቱ እንደገና አመጣቻቸው። በአራተኛው ቀን ከመካከላቸው አንዱ እጅግ አስቀያሚ ድምፅ ሲያወጣ አባቴ ሳያስበው «አይ፣ ወደ ታች እንጂ!» አለ። በዚያ ተጀመረ። አልጋው ላይ እንዳለ የደሴቲቱን ወጣቶች ሁሉ ለዓመታት ዜማ አስተማረ። ያስተማረው መዝሙር ሲዘመር እናቴ ከመጨረሻው ወንበር ትሰማለች።

እኔ አድጌ በዋናው ደሴት ፖስታ ቤት ተቀጠርኩ። ሃያ ሰባት ዓመቴ በነበረበት ጥር ለጸሎት ሳምንቱ ወደ ቤት መጣሁ፤ በጥር በሚጀምረው አዲስ ዓመታችን የመጀመሪያ ሳምንት ጠዋትና ከሰዓት የምንሰበሰብበት ነው፤ የፈለገ ተነስቶ ይመሰክራል። በአራተኛው ጠዋት አባቴ እጁን አነሳ። ጎረምሶቹ ወንበሩን ወደ ፊት ገፉለት።

«ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት እሁድ ዕለት ባሕር ገብቼ ነበር» አለ። «ገላዬን ልታጠብ አልነበረም። ልሞት ነበር የገባሁት። ፋታይ አልረሳችም። አንድም ቀን ረስታ አታውቅም። የእኔ ስም እንዳይነሳ ብላ የራሷን ሰጠቻችሁ። በበሩ አጠገብ የተቀመጠችው በእኔ ቦታ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አልሰማሁም። ምላጩ፣ ገመዱ፣ የክኒን ጠርሙሱ፣ «ዛሬን እንዲያድርልኝ»... እያንዳንዱ እየመጣ ትክክለኛ ቦታው ላይ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን የገዛ ነፍሱን ሊያጠፋ የሞከረ ሰው በደሴታችን ላይ ምን እንደሚባል፣ ልጁም ምን ተብላ እንደምታድግ እናቴ ታውቅ ነበር። ዞሬ አየኋት። ደስ ያላት ትመስል እንደሆነ ፈለግኩ። ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ጸሎቱ ሳያልቅ ተነስታ ወጣች። አክስቴ ሎሴሊ፣ ያኔ አርጅታ በምርኩዝ ነበር የምትሄደው፣ ልትከተላት ብድግ ብላ መልሳ ቁጭ አለች። ማልቀሷን ማንም እንዲያይ አልፈለገችም።

እናቴ ቤት አልነበረችም። ባሕሩ ሲሸሽ በሚጋለጠው ኮራል ላይ ብቻዋን ዛጎል ትለቅም ነበር። ሳትነግረን ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። የአባቴን ምሳ እኔ አቀረብኩለት።

«ተቆጥታለች?» አለኝ።

«አላውቅም።»

ከሰዓት ላይ ተመለሰች። የሞላውን ቅርጫት ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ እጇን ሳትታጠብ አልጋው አጠገብ ቆመች።

«ኢሲሌሊ፣ ሰው የሚለኝ አልነበረም እኮ ያመመኝ። ያንን መቻል ተምሬዋለሁ። አንዳንዱን ቀን በደስታ፣ አንዳንዱን እያለቀስኩ። ለጉባኤው የነገርከው የእኔን ነው። የእሷን አልነገርክም።»

በሩ አጠገብ ወደቆምኩት ወደ እኔ በአገጯ አመለከተች።

«አሁን ንገራት። እኔ አልነግርልህም።»

ወደ እኔ ዞረ። ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚዞረው።

«ቁልፉን ስለምታውቂ ነው የፈለግኩሽ» አለ። «እንድትወስጂኝ ብቻ። ሰው ሲያገኘኝ አጠገቤ አንቺ ብቻ ትኖሪያለሽ ብዬ አላሰብኩም። አስቤም ከሆነ ትቼዋለሁ። በእምነትሽ ነው የተጠቀምኩት። ያንን ልነግርሽ ስል አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ።»

«ተከትዬህ ባልገባ ኖሮስ?» አልኩት።

ሊዋሸኝ ይችል ነበር። እንዲዋሸኝም የፈለግኩ ይመስለኛል።

«እሄድ ነበር» አለ።

ተነስቼ ወጣሁ። ማብሰያው ጎጆ ጥግ ተቀምጬ ጉልበቴን አቀፍኩ። ዓመታቱን ሙሉ እናቴን ስከስስ ኖሬያለሁ፤ አሁን ክሱን ወደ እሱ አዙሬ ልጨርሰው ፈለግኩ፤ እሱም አልሆነልኝም። ያ ክንድ ደረቴ ላይ አሁንም ነበረ። እናቴ ቅርጫቱን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቢላዋ ሰጠችኝ። ዛጎሎቹን መክፈት ጀመርን።

«እማዬ፣ አንቺ እንዴት ይቅር አልሽው?»

አንድ ዛጎል ከፍታ ሥጋውን ሳህኑ ላይ ጣለች።

«መቼ ይቅር አልኩት? ጠዋት ስነሳ ይቅር እለዋለሁ። ማታ ላይ እረሳዋለሁ። በማግስቱ ደግሞ ከሀ እጀምራለሁ።»

«እኔ አልቻልኩም።»

«ዛሬ አትችዪም» አለችኝ። ከቤት ውስጥ አባቴ ሲያስል ተሰማ፤ ጆሮዋን ቀና አድርጋ አዳመጠችና ዝም ሲል ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «እሱም ያውቀዋል። ነገ ሻይውን አንቺ አድርሺለት። ምንም ባትናገሪው ግድ የለም። አድርሺለት ብቻ።»

በማግስቱ ሻይውን አደረስኩለት። ምንም አልተናገርኩም።